አገልግል ይዞ ፋሲል ግንብ

አክስቴ እኔን የምትልከኝ ሌላ ሰው ስታጣ ብቻ ነው። ይህን የምለው ቅር ብሎኝ አይደለም፤ እኔም እሷን ብሆን እኔን አልልክም። አንድ ጊዜ አቀስታ ገበያ በርበሬ ግዛልኝ ብላ ሰድዳኝ ይዤ የተመለስኩት አውራ ዶሮ ነው። የዶሮው ነገር ራሱን የቻለ ወግ ስለሆነ ሌላ ቀን ቡና ስንጠጣ አጫውታችኋለሁ።

ጥር ላይ ጎንደር ያገባችው ልጇ ተገላገለች። አክስቴ ራሷ እንዳትሄድ ጉልበቷ እምቢ አላት፤ ዓባይን ወርዶ መውጣት ደግሞ በመኪናም ቢሆን ጉልበት ይፈልጋል። ትልቁ ልጇ ከሥራ ፈቃድ አጣ፣ ትንሹ አዲስ አበባ ነው፣ ጎረቤቷ ላሟ ልትወልድባት ነው። ዞራ ዞራ እኔ ላይ ስትደርስ በረጅሙ ተነፈሰችና "እንግዲህ ያለኸኝ አንተው ነህ" አለችኝ።

አገልግሉን አስታቀፈችኝ። ከእናቷ የወረሰችው፣ ቆዳው በዕድሜና በቅባት ብዛት የጠቆረ፣ ክዳኑ ከታችኛው ጋር በጠፍር የሚታሰር አሮጌ አገልግል ነው። ፈትታ አሳየችኝ፦ 3 ኪሎ ለጋ ቅቤ በነጭ ጨርቅ፣ ከጨርቁ ላይ በፌስታል ተጠቅልሎ፤ አንድ ጣሳ ማር፤ ከጎኑ የተሸጎጠ የገንፎ ዱቄት። ከዚያ ትእዛዙ ተከተለ። "መንገድ ላይ አትቁም። ሰው አታዋራ። ጎንደር ስትወርድ ቀጥ ብለህ ቤቷ። ሰማኸኝ?" ሰምቻታለሁ። እንዳለችው ላደርግም አስቤ ነበር።

ግን አንድ ነገር ካልነገርኳችሁ ወሬው አይያዝላችሁም። እኔ መካነ ሰላም ውስጥ የታሪክ አዋቂ ነኝ። ማን እንደሾመኝ አላውቅም፤ ሳልሾም አልቀርም ራሴ ራሴን። ለቅሶ ቤትም ይሁን ጠላ ቤት የነገሥታት ወሬ ከተነሣ ሰው ዞሮ የሚያየው እኔን ነው። መቅደላ የኛው የወሎ ስለሆነች መጀመሪያ ቴዎድሮስን አመጣለሁ፤ ከቴዎድሮስ ወደ ጎንደር መሻገር ቀላል ነው፤ ጎንደር አንዴ ከገባሁ ደግሞ ማንም አያስወጣኝም። የፋሲልን ግንብ ደረጃ እኔ ሳልወጣው ስንቱን የቦረና ሰው አስወጥቼዋለሁ! አሁን እንዲህ ያለ ሰው ጎንደር ድረስ ሄዶ፣ ግንቡን ሳያይ ቅቤ አድርሶ ቢመለስ በየትኛው ፊቱ ለቅሶ ይደርሳል?

ከመካነ ሰላም ወደ ጎጃም የሚያሻግረው መንገድ የዓባይን በረሃ ወርዶ መርጡለ ማርያም ላይ ይወጣል። ደጋው ላይ ለብርዱ የደረብኩት ጋቢ ቆላ ስንገባ አላስቀምጥ አለኝ። ረዳቱ ደግ ልጅ ነው፤ "አባት፣ እሱን ወዲህ በሉት፣ አይጨናነቁ" ብሎ አገልግሉን ሾፌሩ አጠገብ ሞተሩ ላይ አኖረልኝ። መረቅሁት። ሞተር ምን ያህል እንደሚግል የገባኝ ድልድዩን ስንሻገር መኪናው ውስጥ የፋሲካ ዋዜማ ሽታ ሲናኝ ነው። "የማን ቅቤ ነው? ኧረ ተነጠረ!" አለች ከኋላ አንዲት ሴትዮ። ዝም አልኩ። ሰው ሁሉ የኔ መሆኑን ካወቀ በኋላ ነው አንሥቼ ጭኔ ላይ ያደረግሁት፤ ሱሪዬም በዚያው ሄደ።

መርጡለ ማርያም ላይ ሰው ምሳ ሊበላ ሲወርድ፣ ንግሥት እሌኒ በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ስላሠራችው ቤተ ክርስቲያን፣ በኋላም ኢየሱሳውያን ስለነካኩት ግንብ ማስረዳት ጀመርኩ። የሰማኝ ረዳቱ ብቻ ነው። እሱም ጎማ እያጠበቀ ስለነበር መሄጃ አልነበረውም።

በሞጣ አድርገን ባሕር ዳር አደርንና በማግስቱ አዲስ ዘመንን፣ አዘዞን አልፈን ረፋዱ ላይ ጎንደር ገባን። የልጅቷን ቤት "ከፒያሳ ወረድ ብሎ" ከሚል በቀር አላውቅም። ሌላው ሁሉ ያለው ስልኬ ውስጥ ነው። ስልኬ ደግሞ የዓባይን ሸለቆ ሲቀርጽ ውሎ፣ ማታም የቀረጽኩትን ሲያሳየኝ አድሮ፣ ጭጭ ብሏል። ምን ችግር አለ፣ ካፌ ገብቼ ማኪያቶ እየጠጣሁ ቻርጅ ላድርገው አልኩ።

ፒያሳን እንዴት ልንገራችሁ። ጣሊያን በ1928 ጎንደርን ሲይዝ የአማራ ግዛት ብሎ ለከለለው አገር መናገሻ አደረጋትና በአምስት ዓመት ውስጥ ሲኒማ ቤቱን፣ ፖስታ ቤቱን፣ ማዕዘናቸው የተቆለመመ ፎቆቹን ከነገሥታቱ ግንብ ራስጌ ላይ ደረደረ። ግድግዳው ቢጫ ነው፤ በረንዳው ሰፊ፣ መስኮቱ ሰፊ። የገባሁበት ካፌም ከዚያ ዘመን የተረፈ ነው፤ ጣሪያው ሩቅ፣ ባንኮኒው ረጅም፣ ወንበሩ የኛ። አዲስ አበባ በሚያዝያ 1933 ነጻ ስትወጣ እዚህ ጄኔራል ናሲ ገና ሽጉጡን ታጥቆ ተቀምጦ ነበር፤ እጁን የሰጠው በኅዳር 1934 ነው፣ ከሁሉም መጨረሻ። እኔ ሰው የፈጀ ጠላት ሕንፃው ሲደነቅለት ደስ አይለኝም። ማኪያቶው ግን፣ እውነቱን ልናገር፣ ደገምኩት።

አስተናጋጇን "የኔ ልጅ፣ ይቺን ሰኪልኝ" ብዬ ስልኬን ብሰጣት "መብራት የለም፣ ጋሼ" አለችኝ። ማሽኑ ሲጮህ እሰማለሁ ብላት በጄኔሬተር ነው፣ ለሱ ብቻ ነው አለችኝ። "መቼ ይመጣል?" "እሱን እንኳ…" ብላ ወደ ሰማይ አየች። እንግዲህ ፍረዱኝ። መብራቱ እስኪመጣ ምን ላድርግ? ግንቡ ደግሞ ከዚያ ትንሽ ወረድ ቢሉ ነው። አራስ ሴት ረፋድ ላይ ትተኛ ይሆናል ብዬም አሰብኩላት።

ቲኬት ቆርጬ በሩ ላይ ስደርስ ጥበቃው አገልግሉን አየ። "ይሄ ምንድን ነው፣ አባት?" "ቅቤ ነው።" ጎንበስ ብሎ አሸተተና ፊቱ ፈካ። "ይከብድዎታል፤ እኔ ጋ ያኑሩትና ሲወጡ ይወስዱታል" አለኝ። ልብ በሉ፣ እዚህ ላይ ነገሩ ሁሉ ሊያልቅ ይችል ነበር። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፤ "የለም፣ አደራ ነው" ብዬ አቅፌው ገባሁ።

ግቢው በ900 ሜትር አጥር ታጥሯል፣ 12 በር አለው፤ ይህን ሁሉ ከመምጣቴ በፊት ስናገር ኖሬያለሁ። ያልነገርኩት፣ ስለማላውቀው፣ ሰው ፊቱ ሲቆም አንገቱን እንደሚያመው ነው። የፋሲል ግንብ 32 ሜትር ቁመት ያለው ባለ አራት ማማ ነው፤ ማማዎቹ አናታቸው ላይ ክብ ቆብ ደፍተዋል፤ ድንጋዩ የደረቀ ዳቦ ቅርፊት ይመስላል። አንድ ወጣት አስጎብኚ ፈረንጆች ሰብስቦ ሲያስረዳ ደረስኩ። ለአስጎብኚ የሚከፈል አልነበረኝም፤ ጠጋ ብዬ ቆምኩ፤ ጠጋ ብሎ መቆም በነጻ ነው። እየተረጎምኩ ሳይሆን እየገመትኩ ስሰማው "ፖርቱጋል" የሚል ቃል ጆሮዬ ገባ። በቃ፣ አልቻልኩም።

"ስማኝ ልጄ" አልኩት፣ "ፋሲል የፖርቱጋሎቹን ሚሲዮናውያን ከአገር ያባረረው ጎንደርን በኛ አቆጣጠር በ1628 ገደማ ከመቆርቆሩ በፊት ነው። አባርሮ ሲያበቃ ቤት ሥሩልኝ ይላል? በ1648 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ከየመን የመጣው መልእክተኛ ግንበኛው ህንዳዊ ነው ብሎ ጽፏል። የኛ ሰው ድንጋይ ተሸክሟል፣ ኖራ አቡክቷል፣ ጠርቧል!" ይህን ስናገር አንድ እጄን አገልግሉ ላይ መታ መታ አደርግ ነበር። ልጁ አዳምጦኝ ሲያበቃ በጨዋ ደንብ "ልክ ነዎት፣ አባት፤ እኔም ፖርቱጋሎች አልሠሩትም እያልኳቸው ነበር" አለኝ። ፈረንጆቹ አገልግሉን ፎቶ አነሡት። አንዲቱ ደግሞ ወደ ታች እያየች ለጓደኛዋ አንድ ነገር አለች፤ እኔም አየሁ። ከፋሲል ደረጃ ሥር ጀምሮ እስከቆምኩበት ድረስ የቅቤ ጠብታ ተከትሎኛል።

ጥላ ፍለጋ ወደ ታላቁ ኢያሱ ግንብ ሄድኩ። በዝሆን ጥርስ፣ በወርቅ ቅብና በቬኒስ መስታወት ያጌጠ ነበር የሚባለው ቤት አሁን ጣሪያ የለውም፤ ጣሊያን ግቢውን መምሪያ አድርጎት ስለነበር እንግሊዝ ከአየር ሲደበድበው እሱም ተመታ። ከግድግዳው ሥር ተቀምጬ ጠፍሩን ፈታሁ። ቅቤው ቅርጹን ለቋል እንጂ አልጠፋም። ጨርቁን አጠባብቄ ልቋጥር ስል ነው እልልታ የሰማሁት።

ጥር ነዋ! ሙሽሮች ፎቶ ሊነሡ መጥተዋል፤ ያውም ሁለት ሰርግ ባንድ ጊዜ። የአንዱ ሚዜዎች ወዲያ የሌላው ወዲህ ሲራወጡ፣ ፎቶ አንሺው ከፊቴ ቆሞ ሙሽራዋን በስሟ እየጠራ "ቀና በይ፣ ፈገግ በይ" ሲል ስሟን ያዝኩት፤ የሙሽራውንም ያዝኩ። ለምን እንደያዝኩት አልጠየቅሁም፤ የሰው ስም መያዝ ልማዴ ነው። ይህን ስም አስታውሱልኝ፣ ኋላ ያስፈልገናል። ከዚያኛው ሰርግ ወገን የሆነች የሐበሻ ቀሚስ የለበሰች ሴትዮ እኔንና አገልግሉን እያፈራረቀች አየችና መጣች።

"ከወሎ ነዎት?"

"አዎ፣ እመቤት።"

"ከየት ወገን?"

"ከቦረና። ከመካነ ሰላም።"

"እሰይ! ሳይንትና ቦረና ያው ማዶ ለማዶ አይደል! ኑ እናንተ፣ አጎቷ መጡላት! ከነአገልግላቸው!"

አይደለሁም ልል አፌን ስከፍት እልልታው ቀደመኝ። ከዚያ ጉንጬን የማያውቁኝ ሴቶች ተቀባበሉት። አንዷ "ይደክምዎታል" ብላ አገልግሉን ከእጄ ወሰደችው፤ ለጥበቃው ያልሰጠሁትን ለእሷ በሁለት እጄ አስረከብኩ። ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት ማለት እኔ ነኝ። ሙሽራዋ የአባቷ ወገን ከሳይንት ነው፤ አጎቷ ይመጣል ተብሎ ከማለዳ ሲጠበቅ ኖሯል። ልጅቷ እንባ ባቀረረ ዓይን "አጎቴ፣ እኔ እኮ የሚመጡ አልመሰለኝም ነበር" ስትለኝ፣ እስቲ እናንተ ብትሆኑ ምን ትሏታላችሁ? "እንዴት እቀራለሁ፣ ልጄ" አልኳት። እሷንና ሙሽራውን ግራና ቀኝ አድርጌ የፋሲል ግንብ ከኋላችን ሆኖ ፎቶ ተነሣሁ። ሱሪዬ ላይ ያለው የቅቤ ካርታ እንዳይታይ ጋቢዬን ወደ ፊት ሳብ አድርጌዋለሁ።

መኪናው ጡሩምባ እየነፋ ወሰደን። በፋሲል መዋኛ በኩልም አዞሩን፤ ለጥምቀት ከቀሃ ወንዝ የተሞላው ውሃ ገና አልጎደለም፣ የዛፎቹ ሥር የአጥሩን ድንጋይ ጨብጦ ይዟል። በሌላ ቀን ቢሆን ስለ ሥሩ ብዙ እናገር ነበር። ያን ቀን ዓይኔ አገልግሉ በየትኛው መኪና እንደተጫነ ሲፈልግ ነው ያለፍነው።

ዳስ ውስጥ ከሽማግሌዎች መሀል አስቀመጡኝ። ጠላ ቀረበ፤ ቀጥሎ ጠጅ። አገልግሉ ወደ ማድቤት ሲገባ አየሁት፤ ተነሥቼ ልከተል ስል አንድ አዛውንት ክንዴን ያዙኝ። "ከመቅደላ አገር ናችሁ አሉ፤ ቴዎድሮስ ከጎንደር አድባራት ያጋዘውን መጽሐፍ ምን አደረጋችሁት?" አሉኝ እየሳቁ። ይሄማ የኔ ሜዳ ነው! "እኛ ቤት አላደረም፣ አባቴ፤ በ1860 እንግሊዝ በ15 ዝሆንና ወደ 200 በሚሆን በቅሎ ጭኖ ወሰደው። እኔ ዛሬ ቅቤ ይዤ የመጣሁት ለካሣ ነው" አልኩ። ዳሱ ሳቀ። እኔም ሞቅ አለኝ፤ ዶሮው ሲቀርብ ሞቅታው ጨመረ። ወጡ የሚያውቁት ዓይነት መዓዛ አለው። ቅቤው የአክስቴ ነው። ሁለተኛው ጉርሻ ላይ ገባኝ፤ ሦስተኛውንም ጎረስኩት፤ ምን ላድርገው፣ ገንፎ ሆኖ አይመለስ።

"ወሎዬ ባለበት ሌላ ማን ይመርቃል!" አሉ ሽማግሌው። ቆምኩ። ምርቃት እንኳ እኛ ቦረናዎች ጋ ልጅ ዳዴ ሳይል የሚማረው ነው። "አሚን በሉ" አልኩ፤ አሚን። "ወልዳችሁ ሳሙ፣ ዘርታችሁ ቃሙ!" አሚን። "የአብርሃምና የሣራ ጋብቻ ያድርግላችሁ!" አሚን! እዚህ ላይ ብቀመጥ ዛሬም ድረስ አጎት ነበርኩ። ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል፤ ስማቸውን ልጨምርበት አልኩና በግንቡ ግቢ የያዝኩትን የሙሽራዋን ስም፣ የሙሽራውንም ስም፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ ጠራሁ።

አሚን የለም።

የሌላኛው ሰርግ ስም ነው፣ ወገኖቼ። ሙሽራው ሙሽራዋን አየ። አንዱ ሚዜ የሳቁን ነገር በመሐረብ ያዘው። ይህም አልበቃ ብሎ በዚያው ቅጽበት ከዳሱ በር አንድ ረጅም ሰውዬ፣ አቧራ የጠጣ ጋቢ ለብሰው፣ "መኪና ተበላሽቶብን ነው፣ አትቀየሙኝ" እያሉ ገቡ። ሙሽራዋ ቁርጥ እሳቸውን ነው የምትመስለው። ሰው ከእሳቸው ወደ እኔ፣ ከእኔ ወደ እሳቸው ተመለከተ። እኔም አብሬ ዞሬ የሚያዩትን ሰው ፈለግሁ።

"አንቱስ የማን ነዎት?" አሉኝ የመጽሐፉ አዛውንት፣ ቀስ ብለው።

ስንት መልስ ነበረ! እንግዳ ነኝ ማለት ይቻላል፤ መንገደኛ ነኝ ማለት ይቻላል። ከአፌ የወጣው ግን "እኔ… የአገልግሉ ነኝ" የሚል ነው።

ሳቁ ከዳሱ ወጥቶ ማድቤት ገባ፤ ከማድቤት ደግሞ ሴቶቹ እጃቸውን እየጠረጉ ሊያዩኝ መጡ። እውነተኛው አጎት ዋናው ሳቂ ነበሩ፤ ሲስቁ ትከሻዬን ይመቱኛል፣ እጃቸው ከባድ ነው። ማንም አላስቀየመኝም፤ ቢያስቀይሙኝ ይሻለኝ ነበር። ቅቤው ወጥ ውስጥ ነው፣ ማሩ ለሙሽሮቹ ተቀምጧል፣ ዱቄቱን ማን እንዳደረሰው አልታወቀም። እንከፍላለን አሉኝ፤ "በሰርግ ቤት?" ብዬ ተቆጣሁ፤ ደረቴን ነፍቼ የተናገርኩት ይቺን ብቻ ነው። አገልግሉ ታጥቦ ለነገ ይደርሳል፣ አሁን ሥጋ አለበት ሲሉኝ እሺ አልኩ። ባዶ እጄን አልወጣሁም። ክዳኑ አጠገቤ ስለነበረ ይዤው ወጣሁ።

መብራት መጥቶ፣ ስልኬ ነፍስ ዘርቶ፣ የአራሷ ቤት ስደርስ መሽቷል። "እንኳን ማርያም ማረችሽ" ብዬ ገባሁ። "ማርያም ታኑርህ" አለችኝና ዓይኗ እጄ ላይ ቀረ። ባሏም አየ። ጨዋ ልጅ ነው፣ ክዳኑን በሁለት እጁ ተቀብሎ፣ ከሥሩ ምንም እንደሌለ በዘዴ አረጋግጦ፣ መደርደሪያ ላይ አኖረው። ታሪኩን ሳወራላት ልጅቷ በሳቅ ሆዷን ይዛ "ኧረ ተው፣ አሁን እኮ ነው የወለድኩት!" አለች። እዚያው ላይ ስልኳ ጮኸ፤ እናቷ ናት። ድምፁን ከፍ አድርጋ ጭኔ ላይ አስቀመጠችልኝ።

"ደረስክ?"

"ደረስኩ፣ እቴቴ።"

"ቅቤውን ወደዱት?"

"አንድም ሰው አልተረፈ፣ ሁሉም ወደዱት።" ይህ ውሸት አይደለም።

"እሰይ። አገልግሉን እንዳትረሳው ብቻ። የእናቴ ነው።"

በማግስቱ ማልጄ ሰርግ ቤት ሄድኩ። ገና ከበሩ "አጎት! ምርቃቱን ሊጨርሱ መጡ!" እያሉ ተቀበሉኝ። ሳይንቴው አጎት ፍራሽ ላይ ተጋድመው ጠላ ይዘዋል፤ ጠጋ ብለው ቦታ ለቀቁልኝ። አልተቀመጥኩም፤ ቆሜ ስለ አገልግሉ ጠየቅሁ። ሴቶቹ እርስ በርስ ተያዩ።

"ውይ፣ አሁን በጠዋት ለሙሽሮቹ ምሳ ተሞልቶ ተላከበት እኮ። ወደ ሙሽራው ቤተ ሰቦች።"

"የት ነው ቤታቸው?"

"አዘዞ።"